ኤርፖርት ውስጥ የገደፍኩ ቀን

አውሮፕላናችን ይዘገያል ተብሎ የምሳ ወረቀት ሲሰጡን ልጄ ደስ አላት፤ እኔ ግን የያዝኳቸውን ፌስታሎች ቆጠርኩ። ከቤት ስንወጣ ሁሉን በሰዓት አስልቼ ነበር። መድኃኒቷ፣ የምትጠጣው ውሃ፣ ጨው ያልገባበት ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሁሉም በየፌስታሉ ተለይቶ፣ ፌስታሉም በክር ታስሮ ነበር። ፍተሻው ላይ የነበረችው ሴት አንዱን ፈትታ፣

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ጨው የሌለው ዳቦ።»

«ይሄስ?»

«እሱም ጨው የሌለው ዳቦ። ያኛው የመክሰስ ነው።»

ልጄ ከኋላዬ ሆና፣ «እማዬ፣ አንቺ እዚህ ፈታሽ ብትሆኚ አንድም አውሮፕላን አይነሳም ነበር» አለች። ሴትየዋ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ ክሩን መልሼ እያሰርኩ ነበር።

ልጄ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ኩላሊቶቿ ሥራቸውን ካቆሙ ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። በሳምንት ሦስት ቀን በጠዋት ከጉለሌ በታክሲ እየወረድን እጥበት ታደርጋለች። ደሟ በግራ ክንዷ በገባ መርፌ ይወጣና በማሽን ተጣርቶ ይመለሳል። አራት ሰዓት ይፈጃል። ለመርፌው ተብሎ በቀዶ ጥገና የተሠራላት ደም ሥር እንደ ገመድ አብጦ ቆዳዋ ላይ ይታያል፤ ጣት ሲያርፍበት ይነዝራል። ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፏ ሳትነሳ እሱን እዳስሳለሁ። ከነዘረ ቀኑን እጀምራለሁ።

የዚያን ቀን ወደ ህንድ የምንሄደው የእኔ አንዱ ኩላሊት ወጥቶ ለእሷ እንዲገባላት ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ዘመዱም ጎረቤቱም ተረባርቦ ነው የላከን። እኔ ሽሮ ሜዳ ለሚሸጡ ነጋዴዎች የነጠላ ጫፍ እቋጫለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው፤ አማርኛ ቀስ ብዬ አነባለሁ፣ እንግሊዝኛ አልችልም። የሐኪም ወረቀት ደግሞ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። የእሷንም የእኔንም ወረቀት የምታነብልኝ ራሷ ልጄ ናት። በሽተኛዋ ለአስታማሚዋ ታነባለች። ስታነብ ፊቷን አያለሁ። የዘለለችው ነገር እንዳለ ይታወቀኛል፤ ምን እንደዘለለች ግን ማወቅ አልችልም።

እኔም ከእሷ የደበቅኩት ነበረኝ።

ኩላሊትሽ ይስማማል የተባልኩ ቀን ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። በባሕር ዛፉ መሀል በእግሬ ወጥቼ፣ ግንባሬን ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ተሳልኩ። ልጄ ድና እስክትነሳ ድረስ የፍስክ ምግብ አፌ አይገባም፣ በየቀኑም ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን እህል ውሃ አልቀምስም አልኩ። ማንንም አላማከርኩም። ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም፤ ያለኝ ሆዴ ነበር።

ከወር በኋላ ሸምገል ያለው ሐኪማችን የደም ምርመራዬን አይቶ ፊቱ ተለወጠ።

«ደምሽ ዝቅ ብሏል። ሥጋ፣ ጉበት፣ እንቁላል፣ ዓሣ ብዪ። እዚያ ስትደርሱ እንዲህ ከሆነ ቀዶ ጥገናውን አያደርጉትም» አለኝ። የደም ኪኒንም ጻፈልኝ። «ኪኒኑ ብቻውን ግን አይበቃም» ብሎ ደገመልኝ።

የንስሐ አባቴም፣ «ሐኪም ያዘዘሽን ብዪ፣ እኔ ፈቅጄልሻለሁ» አሉኝ። ለሁለቱም እሺ አልኩ። ስለቱን ግን ለአንዳቸውም አልነገርኩም። ስለማያውቁት ነገር የሰጡኝ ፈቃድ ፈቃድ አልመሰለኝም። ቤት ውስጥ ለልጄ እንቁላል ስቀቅል ለእኔም ሁለት እጨምራለሁ፤ እሷ ፊት እልጠዋለሁ። ከዚያ «ከሻይ ጋር እበላዋለሁ» እልና ወደ ጓዳ ይዤው ገብቼ፣ በጓሮ በኩል ለባለ ሱቁ ጎረቤታችን ልጆች እሰጣለሁ። ሙስሊሞች ስለሆኑ የእኛ ጾም አይመለከታቸውም።

ሐኪሙን ሳላምነው ቀርቼ አይደለም። በአንድ እንቁላል ምክንያት ልጄን ባጣትስ የሚል ፍርሃት ነው። ቀን ቀን የሐኪሙ ቃል ይከብደኛል፤ ስጸልይ ደግሞ ስለቱ። ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተኝ የበለጠ የምፈራውን ያዝኩ። ዐቢይ ጾም ሲገባማ ቀለለኝ። ሁሉም ሰው ስለሚጾም የማይበላ ሰው አይታወቅም።

የምሳ ወረቀቱ በሦስት ምግብ ቤት ይሠራል አሉን። ልጄ ሁለቱን ዘልላ የጃፓኑ በር ላይ ቆመች። አልገረመኝም። ማሽን ላይ ተኝታ አራቱን ሰዓት የምትገፋው ጃፓኖች ምግብ ሲሠሩ በስልኳ እያየች ነው። ጨው የተከለከለች ልጅ የሰው ምግብ ስታይ ትውላለች። «እማዬ፣ የቢላዋውን ስለት እዪ» ትለኛለች፤ እኔ መርፌውን እያየሁ «አዎ፣ ያምራል» እላለሁ።

«እዚህ እንብላ» አለች።

«ምን እንዳለበት ሳናውቅ?»

«ጠይቀን ነዋ። አፍ የለንም?»

«እነሱ ጥሬውን ነው የሚበሉት።»

«አንቺስ ክትፎ ትበዪ አልነበር?»

«ክትፎ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

ፌስታሎቹን አንስቼ ተከተልኳት፤ ገባን።

ከፍ ያለ የእንጨት ወለል አለው፤ ጫማ ተወልቆ ነው የሚወጣበት። ካልሲዬ ጣቱ ላይ ተቀዶ ስለነበር ቀሚሴን ጎትቼ ሸፈንኩት። አስተናጋጇ የእኛው ልጅ ናት። የጃፓን ልብስ ለብሳ ወገቧን በሰፊ መቀነት አስራለች፣ አንገቷ ላይ ማተቧ ይታያል።

«እንኳን ደህና መጡ እናቴ። እግርዎን ወደታች ይልቀቁት፤ ከጠረጴዛው ሥር ጉድጓድ አለው፣ አይፍሩ» አለችኝ።

በትንሽ ሳህን ላይ የተጠቀለለች ነጭ ነገር አቀረበችልን። እንፋሎት ይወጣታል።

«እንዳትበዪው፣ ፎጣ ነው» አለች ልጄ።

ልበላው አልነበረም። ምን እንደማደርገው ግን አላውቅም ነበር። ልጄ እጇን ስትጠርግ አይቼ ጠረግኩ።

«የጾም አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«አለን እናቴ። አትክልት አለ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ እንደ አይብ ያለ አለ።»

«አይብ?»

«አይብ አይደለም። እንደ አይብ ነው።»

«እንደ አይብ የሆነ ነገር ለምን በጾም ይበላል?»

ልጄ ግንባሯን ያዘች። «እማዬ፣ አተር ነው ተባልሽ እኮ።»

«ለነገሩ እኔ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አልቀምስም» አልኩ። «ለእሷ ብቻ አምጪላት። ጨው የሌለው፣ ጥሬ ያልሆነ። ያ የሚነክሩበት ጥቁሩ ውሃ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ እንዳይመጣ፤ ጨው ነው አሉ።»

አስተናጋጇ ልትጽፍ ስትል ልጄ ቀና አለችና በእንግሊዝኛ ትናገር ጀመር። ሁለቱም የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። አማርኛ አንሷቸው አይደለም። ልጄ ረጅም ተናገረች። አስተናጋጇ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አየችኝና ዓይኗን ወዲያው ሰበረች። ስለ እኔ እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልገባኝም። በገዛ ከተማዬ ልጆች መሀል ተቀምጬ ከአንዷ ወደ ሌላዋ አፍ አይ ነበር።

«ምን አልሻት?»

«ስለ ጨው ነው። ወጥ ቤቱ ፈረንጅ ነው፣ በእንግሊዝኛ ካልሆነ አይገባውም።»

ለወጥ ቤቱ የምትነግረው አስተናጋጇ አይደለችም ወይ ብዬ ልጠይቃት አሰብኩ። ተውኩት። የምትለኝን ከመቀበል ሌላ የማጣራበት መንገድ የለኝም።

ምግቡ መጣ። ለልጄ ነጭ ሩዝና ምንም ያልተደረገበት የተጠበሰ ዓሣ። እኔ ፊት ደግሞ እንደ ሳምቡሳ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተጠፈጠፈ ሩዝ፣ ሦስት ፍሬ፣ ወገቡ ላይ ጥቁር ቅጠል የተጠቀለለበት።

«እኔ አላዘዝኩም» አልኩ።

«ወረቀቱ የሁለት ሰው ነው እናቴ።»

«የጾም ነው?»

አስተናጋጇ ልጄን አየቻት። «ለእርስዎ የሚሆን ነው» አለችኝና ሄደች። አዎ የጾም ነው አላለችም። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ልጄ በሁለቱ ቀጫጭን እንጨቶች ሩዟን ልታነሳ ሞከረች፤ በስልኳ እያየች ስንት ወር የተለማመደችው ሁሉ ወደቀባት። ስቃ እንጨቶቹን አስቀመጠች። እጇን በፎጣው ደግማ ጠረገች፣ ከእኔ ሳህን አንዱን ሩዝ መሀል ለመሀል ቆረሰችና የተቆረሰውን ፊት በመዳፏ ሸፍና ወደ አፌ ዘረጋችው።

«እማዬ፣ እንቺ።»

«ዘጠኝ ሰዓት አልሆነማ።»

«ከታመምኩ ወዲህ አጉርሼሽ አውቃለሁ?»

እውነቷን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ሳህን በልተን አናውቅም። የእሷ ጨው የሌለው ለብቻው ይሠራል፣ ለብቻው ይቀርባል። ማጉረስም መጎራረስም በዚያው ቀርቷል። በእኛ ቤት ደግሞ የተዘረጋ ጉርሻ አይመለስም። አባቷ ከእኔ ጋር ተኳርፎ በሰነበተበት ቀን እንኳ ስዘረጋለት አፉን ይከፍት ነበር፤ ሳያየኝ ይጎርስና ኩርፊያውን ይቀጥላል። ልጄ ይህን ታውቃለች። እጇን አላጠፈችም፤ የእሷ አቅም ደግሞ ክንድ ለረጅም ጊዜ አያዘረጋም። አፌን ከፈትኩ።

መጀመሪያ ሩዙ መጣ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ እርስ በርሱ የተያያዘ። ቅጠሉ እንደ ራሰ ወረቀት ጥርሴ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ መሀሉ ላይ ደረስኩ። ለስላሳ ነው፣ ቅባት አለው፣ ጨውም አለው። ዓሣ መሆኑን ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም።

ማላመጤን አቆምኩ። ፎጣው እጄ ሥር ነበር፣ ልተፋበት እችል ነበር። ልጄ ዓይኗን ከአፌ ላይ አላነሳችም።

«ዓሣ ነው» አለችኝ። «ዋሽቼሻለሁ። የበሰለ ነው፣ ጥሬ አይደለም። ዋጪው።»

አፌ እንደሞላ ራሴን በእምቢታ ነቀነቅኩ።

«እንቁላሉን ለማን እንደምትሰጪ አውቃለሁ። ልጆቹ ናቸው የነገሩኝ። ‹ያንቺ እናት እንቁላል አትወድም እንዴ?› አሉኝ። ከገና በፊት ጀምሮ አውቃለሁ። ትተዪዋለሽ ብዬ ጠበቅኩ። አልተውሽም።»

ዋጥኩት። ሲወርድ ይሰማኝ ነበር።

«ስለት ነው» አልኳት።

«ስለ ማን?»

«ስላንቺ።»

«ስለ እኔ ከሆነ እኔን አትጠይቂኝም ነበር?»

«ስለት ለሰው አይወራም።»

«እማዬ፣ እዚያ ስንደርስ ደምሽን ያዩታል። ካነሰ ዝም ብለው ይመልሱናል። አንደኛው ኩላሊት ያንቺ ነው ብለሽኛል አይደል? መርቀሽ ሰጥተሽኛል።» ጣቷን ወደ ጎኔ ቀሰረች። «የምታስርቢው እኮ የእኔን ነው።»

እጄን ጎኔ ላይ አደረግኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የምትጠጣውን ውሃ በጠርሙስ ክዳን እየሰፈርኩ፣ ድንቹን እንደታዘዝኩት ዘፍዝፌ ውሃውን እየደፋሁ፣ የሰው ቤት ጨው በነፋስ የሚመጣባት እየመሰለኝ ነበር የምጠብቃት። ጎኔ ውስጥ ያለውን የእሷን ነገር ግን ራሴ ስጎዳው ነበር። ልቆጣትም ፈለግኩ፤ በጾም ዓሣ ያበላችኝ ልጅ ናት። ቁጣው ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ። ዓይኔ ሲሞላ ፎጣውን አነሳሁ፤ ቀዝቅዞ ነበር።

አስተናጋጇ መጥታ ጠረጴዛው አጠገብ ተንበረከከች።

«ይቅር ይበሉኝ እናቴ። ‹ኩላሊቷን ልትሰጠኝ ነው፣ ግን አትበላም፣ ዓሣውን እንዳይታይ አድርጊልኝ› ስትለኝ እምቢ ማለት አቃተኝ። እኔም ጾመኛ ነኝ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

«ባንቺ አይደለም ልጄ» አልኳት። በማን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ስልኬን አውጥቼ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ቁጥሩን ልጄ ነክታ ሰጠችኝ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው፤ ስለቱን፣ እንቁላሉን፣ አሁን አፌ የገባውን። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ፣

«መቼ ነው የተሳልሽው?» አሉኝ።

«በኅዳር።»

«እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንቢ ቢሉኝ ብዬ ፈርቼ።»

«እንቢ እልሽ ነበር» አሉ። «ስለቱን እኔ ይዤልሻለሁ፤ ስትመለሺ በሌላ እንለውጠዋለን። አሁን የቀረበልሽን ብዪ። ልጅቷንም እንዳትቆጫት።»

በቃ፣ ይኸው ነበር። አራት ወር ሙሉ ስፈራው የከረምኩት ነገር ከአንድ ስልክ አላለፈም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ወሮቹን በጣቴ ቆጠርኩ።

አማተብኩና በላሁ። አልጣፈጠኝም ማለት አልችልም፤ ያፈርኩትም በዚህ ነው። ሆዴ ከእኔ ቀድሞ አወቀው። እጄ ሦስተኛውን ሲያነሳ እንደ ሌላ ሰው እጅ አየሁት።

«ቀስ በዪ እንጂ፣ አውሮፕላኑ ዘግይቷል ተብሏል» አለችኝ ልጄ። አፍንጫዋ ቀልቶ ትስቃለች። የራሷን ዓሣ ግማሹን አስቀረች፤ ቶሎ ይደክማታል። የተረፈውንም ወደ እኔ ገፋችው። እሱንም በላሁ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ክንዷን ይዤ ደም ሥሯን በጣቴ እያዳመጥኩ ሄድኩ። አንድ ምሳ የአራት ወር ጉድለት እንደማይሞላ አላጣሁትም። ቢሆንም እንደ ሞኝ፣ የበላሁት ቶሎ ደም እንዲሆን እየለመንኩ ነበር።

ደሜን የወሰዱት በደረስን በማግስቱ ነው። ውጤቱን ሊነግረን የተቀመጠው ሐኪም ወጣት ነው። አስተርጓሚው የአገራችን ልጅ፣ ከጎናችን ቆሞ ነበር። ሐኪሙ ሲናገር እንደ ልማዴ የልጄን ፊት አየሁ። አስተርጓሚው አፉን ሳይከፍት አወቅኩት።

«ደምዎ አልበቃም እናቴ። ሦስት ሳምንት ይቆዩ፣ ይብሉ፣ በመርፌም እንረዳዎታለን፣ ከዚያ እንደገና ይታያል ይላል። ለምን ይህን ያህል እንደወረደም ይጠይቃል።»

ልጄ ቀደመችኝ። «ጾም ላይ ስለነበርን ነው። እናቴ አላወቀችም። በደንብ ያስረዳት ሰው የለም» አለች፤ እኔም እንድሰማው በአማርኛ።

ሸፈነችልኝ። እንደማያውቅ ሰው መታየት ቀላል ነበር። እኔን ያየ ሁሉ ያምናል።

«አውቄ ነው» አልኩ። «ሐኪሜ ነግሮኛል። እሺ ብዬ፣ ደብቄ ነው ያልበላሁት።»

አስተርጓሚው ዞር ብሎ አየኝ። «እንደዚሁ ልተርጉመው እናቴ?»

«እንደዚሁ ተርጉመው።»

ሐኪሙ ሰምቶ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ምን እንደጻፈ ልጄን አልጠየቅኳትም።

ቀዶ ጥገናው የተደረገው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ኩላሊቱም ሠራላት። ሰው ሲጠይቀኝ የምናገረው ይህን ነው። የማልናገረው ግን ሦስቱን ሳምንት ነው። ሦስት ሳምንት ለእሷ ዘጠኝ እጥበት ነበር፤ በየእጥበቱ ሁለት ሁለት መርፌ። እኔ በጊዜው በልቼ ቢሆን የማትወጋው መርፌ። «ምን ታረጊዋለሽ፣ ፋሲካን ህንድ እናከብራለን» ብላ ከመቀለድ በቀር አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ወንበር ከማሽኑ አጠገብ እንዲያደርጉልኝ ጠየቀች፤ ምሳዬንም እዚያው አስመጣች። መርፌው ሲገባ ጥርሷን ነክሳ ወደ እኔ ትዞራለች፣ ማንኪያው አፌ መድረሱን ታያለች። ዘጠኙንም ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ እያየችኝ በላሁ።